ኢላሪዮ እንቢ ያለው ክዳን

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1926 ዓመተ ምሕረት፣ በኅዳር ወር፣ በጉዋም ደሴት ደቡብ ዳርቻ አውሎ ነፋስ መጣ። ካለፈ በኋላ በኡማታክ መንደር ከነበሩት ሰባ ሁለት ቤቶች ክዳን የቀረላቸው ዐሥራ አንድ ነበሩ። የዳቦ ዛፉ ፍሬውን ሳያበስል አራገፈ፤ ኮኮናቱ ከአንገቱ ተቀነጠሰ፤ ጎደሬው የባሕር ጨው ጠጥቶ ከሥሩ በሰበሰ። ከገና ወዲህ ደግሞ ዝናብ ጠፋ። ሰዉ ፋዳንግ ወደሚባለው የዱር ፍሬ ዞረ፤ ፋዳንግ መርዝ አለውና ውኃው እየተቀየረ ሰባት ቀን ካልተዘፈዘፈ ይገድላል። አንድ ባልና ሚስት ከነእናታቸው በአምስተኛው ቀን አውጥተው ጋገሩት፤ ሦስቱም በአንድ ጉድጓድ ተቀበሩ። የካቲት ሲገባ በመንደሩ የሚጮኽ ዶሮ አልነበረም።

በዚህ ወራት ነው ከዋናው ከተማ ከአጋኛ የበዓል ትእዛዝ የመጣው።

ትእዛዙን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆሞ ያነበበው የመንደሩ ሹም ኢላሪዮ ነበር፤ ደሴቱን በባሕር ኃይል የሚያስተዳድሩት አሜሪካኖች እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው ሲፈልጉ አግኝተው የሾሙት፣ ዕድሜው ሃምሳ የሞላ፣ ነጭ ኮቱን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ነው። ወረቀቱ እንዲህ ይል ነበር፤ ለስፔን ንጉሥ ያደረው ታላቁ መርከበኛ ማጄላን በ1521 ዓመተ ምሕረት መጋቢት 6 ቀን በዚህ ወሽመጥ ደርሷልና ቀኑ በየዓመቱ ይከበራል፤ ክቡር ገዥው ከነእንግዶቻቸው ይመጣሉ፤ መንደርተኛውም በአዲሱ የድንጋይ ሐውልት አጠገብ የመርከበኛውን አደራረስ በጨዋታ ያሳያል፤ ጀልባው ሲሰረቅ፣ ሌቦቹ ሲቀጡ፣ ጎጆዎቹም ሲቃጠሉ ሁሉ እንደ ታሪኩ ይደረጋል፤ ለዚህም መንደሩ አምስት ጎጆ ሠርቶ ያቀርባል።

 ክዳን የሌለውን ሰው ጎጆ ሥራና ይቃጠል ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ለመረዳት ጥቂት ጊዜ ይፈጃል።

«ለመሆኑ ይኼ ሰውዬ ምን ይዞልን ነበር የመጣው?» አለች አንዲት አሮጊት ከኋላ።

«እሳት፤» አለች ኤንግራሲያ፤ የቤት ከዳኙ የቱን ሰቨሪኖ ልጅ ናት። «ደግሞም ስም።»

ጥቂት ሰዎች ፈገግ አሉ። ስሙ ምን እንደ ሆነ የማያውቅ አልነበረም። ያ መርከበኛ ከነሰዎቹ አይጥና የመርከብ ቆዳ እየበላ ደርሶ፣ ከደሴቱ ሰው ምግብና ውኃ አገኘ፤ አንዲት ትንሽ ጀልባው ብትጠፋ ግን አርባ ሰው አስታጥቆ ወረደና ቤት አቃጠለ፤ ሰባት ሰው ገደለ፤ አገሩንም የሌቦች ደሴት ብሎት ሄደ። ሌባ የምትለዋ የስፔን ቃል፣ ላድሮን፣ ከዚያ ወዲህ በደሴቱ ከስድብ ሁሉ የከፋች ስድብ ሆና ቀረች።

ኢላሪዮ ወረቀቱን አጠፈ። ወደ ኤንግራሲያ አልተመለከተም፤ አባትዋን ግን ትክ ብሎ አየና፣ «ላድሮን ለመፈለግ ሩቅ አንሄድም፤ በእጃችን አለ፤» አለ።

ቱን ሰቨሪኖ ፑጉዋ የሚባለውን የዘንባባ ፍሬ ያኝክ ነበር። ቀይ ምራቁን ከእግሩ ሥር ተፍቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

በዚያ አገር ታላቅን ወንድ «ቱን»፣ ታላቅን ሴት «ታን» ሳይሉ መጥራት፣ እጁንም ሳይስሙ ማለፍ ነውር ነው። ሰቨሪኖ ሰባ አንድ ዓመቱ ነበር፤ ኢላሪዮ ግን ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ «አንተ» እያለው ኖረ። ነገሩ እንዲህ ነው።

በ1900 ዓመተ ምሕረት ሌላ አውሎ ነፋስ መጥቶ ነበር፤ ከዚህኛው የከፋ። የሰቨሪኖ ቤት ክዳኑን ባሕር በላው፤ ሚስቱም ያን ቀን ምጥ ላይ ነበረች። ነፋሱ ቆሞ ዝናቡ ሳያቆም፣ ከወሽመጡ ዳር የምትኖር ታን ፎርቱናታ የምትባል መበለት ልጅዋን ጠርታ፣ የቤታችንን ክዳን አውርደህ ለምታምጠው ሴት አልብስ አለችው። ክዳንዋ የተረፈው በጥሩ እጅ ስለ ተሠራ ነበር፤ ያ እጅም የሰቨሪኖ ነበር። ልጅዋ አልወደደም፤ ነገር ግን የእናቱን ቃል አላጠፈም፤ የተሰፋውን የዘንባባ ቅጠል ስፌት በስፌት እያወረደ በትከሻው ተሸክሞ አደረሰ። በዚያ ክዳን ሥር ኤንግራሲያ ተወለደች። ታን ፎርቱናታ በስድስት ባዶ ምሰሶዎች መካከል ሸራ ተከናንባ ተቀመጠች፤ ደረትዋን ያዛት፤ በዘጠነኛው ቀን ሞተች። ያ ልጅ ኢላሪዮ ነው።

ብድር በምድር ነውና፣ ሰቨሪኖ ከቀብሩ ማግስት አዲስ ክዳን በትከሻው ይዞ ሄደ። ኢላሪዮ ከምሰሶዎቹ መካከል ቆሞ፣ «ለሞተ ሰው ክዳን አያስፈልግም። ተሸክመኸው ኑር፤» አለው። በዚያ ደሴት ወንፈልም ሆነ ስጦታ ሳይመለስ አይቀርም፤ ያልመለሰ ሰው ከላድሮን ይቆጠራል፤ ሲሞትም ብድሩ ለልጁ ይተላለፋል። ተቀባዩ አልቀበልም ቢል ምን እንደሚደረግ ግን የሚያውቅ አልነበረም፤ እንዲህ ያለ ጭካኔ ያሰበ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረምና።

ኢላሪዮ የእናቱን ምሰሶዎች ባዶ ትቶ ወደ ሚስቱ ቦታ ወደ ኮረብታው ወጣ፤ ቆርቆሮም ገዝቶ ከደነ። ሰቨሪኖ በየበጋው ኒፓ የተባለውን የውኃ ዳር ዘንባባ ከወንዙ አፍ እየቆረጠ፣ ቅጠሉን በቀርከሃ ስንጥቅ ላይ አጥፎ በአጥንት መርፌ እየሰፋ፣ ሦስት መቶ ስድሳ ስፌት አውጥቶ ወደ ኮረብታው ይወስዳል። ኢላሪዮ በሩን ይዘጋል። ሰቨሪኖም ስፌቱን መልሶ ለሚያስፈልገው ሰው ይሰጣል። በዚህ ሁኔታ የመንደሩ እኩሌታ ኢላሪዮ እንቢ ባለው ክዳን ሥር ያድር ነበር፤ ይህንም ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ኢላሪዮም ያውቅ ነበር።

ሰቨሪኖ ጻድቅ ሰው አልነበረም። ኢላሪዮን ይጠላው ነበር፤ በመጀመሪያው ዓመት ያፍርበት ነበር፤ በአሥረኛው ዓመት ግን እያንዳንዱን ስፌት ሲወጋ ያን ሰው የሚወጋ ይመስለው ነበር። አሁን ጣቶቹ እንደ ሸርጣን እግር መታጠፍ ጀምረዋል። የዘንድሮው ክዳን የመጨረሻው እንደ ሆነ ያውቅ ነበር። የኢላሪዮ ቆርቆሮ በኅዳሩ ነፋስ ወደ ባሕር በርሯል፤ ሹሙ ራሱ ከነሚስቱ ከባሕር ኃይል በተሰጠው ሸራ ሥር ነው ያለው፤ ሰቨሪኖም፣ ጥላቻ የማይሰብረውን ሰው የሚመጣው ዝናብ ይሰብረው ይሆናል ብሎ ተስፋ ያደረገው ዘንድሮ ብቻ ነበር። ስፌቱን ጨርሶ ከግድግዳው ጋር ደርድሮ፣ እሑድ ሊወስድለት ቀጥሮ ሳለ ነው የበዓሉ ትእዛዝ የተነበበው።

በማግስቱ ሌተና ሃርግሮቭ የሚባል የባሕር ኃይል መኮንን በጀልባ መጣ፤ በዓሉን እንዲያሰናዳ የታዘዘ፣ ክፋት የሌለበት፣ ለሁሉም ነገር የሚቸኩል ወጣት ነው። ጎጆ የሚሠራበት ምን አላችሁ ብሎ ጠየቀ። መንደርተኞቹ ሰንበሌጥ እንጂ ሌላ የለም አሉ። ያን ጊዜ ኢላሪዮ በእንግሊዝኛ፣ አንድ ሰው ቤቱ የደረደረው የኒፓ ክዳን አለ፤ ሲቃጠል ከሰንበሌጥ ይልቅ ያምራል አለ። ሌተናው ደስ አለው። ቱን ሰቨሪኖ ተጠራ።

«ክዳንህ ለበዓሉ ተፈልጓል፤» አለው ኢላሪዮ በአገራቸው ቋንቋ።

«ላንተ ነው የሰፋሁት።»

«እኔም ለእሳት ሰጠሁት።»

ሰቨሪኖ መኮንኑን አየ፤ የመኮንኑን ሽጉጥ አየ፤ ከዚያም፣ ቋሚ በሌለበት ክዳን ምን ላይ ይወጣል ብሎ ጠየቀ። ሌተናው ሲተረጎምለት ዙሪያውን ተመለከተና ፒፓውን ወደ ወሽመጡ ዳር ቀሰረ። እዚያ ከአዲሱ ሐውልት ሃምሳ እርምጃ ራቅ ብለው ስድስት ጥቋቁር ምሰሶዎች ቆመው ነበር፤ ኢፊት ከሚባለው እንጨት የተጠረቡ ናቸውና ሃያ ስድስት ዓመት ዝናብና ሁለት አውሎ ነፋስ አላነቃነቃቸውም። ወራጃቸውም እንዳለ ነበር። እነዚያ ባለቤት አላቸው ወይ ብሎ ጠየቀ ሌተናው።

ሰቨሪኖ እንግሊዝኛ አያውቅም። የተቀሰረውን ፒፓ ግን አይቷል፤ የኢላሪዮንም ፊት አየ። የሹሙ ከንፈር እንደ ኖራ ነጣ። የእናቴ ቤት ነው ቢል፣ ክዳን የሚፈልግ ቤት አለኝ ማለቱ ነው፤ ያውም ክዳኑን ይዞ በቆመው ጠላቱ ፊት።

«ኖ፣ ሰር፤» አለ ኢላሪዮ።

ይህችን ቃል ሰቨሪኖ ያውቃታል። በደሴቱ የማያውቃት አልነበረም።

አራቱ ጎጆዎች በአንድ ቀን በሰንበሌጥ ተሠሩ፤ ሰውም ሳር እንደሚከምር ከመረባቸው ሄደ። አምስተኛውን ሰቨሪኖና ኤንግራሲያ ያዙት። ሽማግሌው ማገሩን በአዲስ ቀርከሃ ቀየረ፤ ስፌቱንም ከታች ወደ ላይ፣ በሦስት ጣት ርቀት፣ ድርብ አድርጎ ይጥል ጀመር፤ ለጳጳስ ቤት እንኳ ከዚያ በላይ አይደረግም። ሦስት ቀን ፈጀ።

«አባ፣ ለእሳት ነው እኮ፤» አለችው ኤንግራሲያ ከወራጁ ላይ ሆና።

«ክዳን ለዝናብ ነው የሚከደነው፤» አለ። «እሳቱን የሚያውቅ ይወቅ።»

በሦስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ኢላሪዮ ወረደ። ከክዳኑ ሥር ገብቶ ወደ ላይ ተመለከተ፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀዳዳ ፈለገ፤ አላገኘም።

«ድርብ አድርግ ማን አለህ?»

«እጄ።»

«ለጨዋታ ነው። እንደ ሰንበሌጡ ጣል አድርገው።»

«ጣል የሚያደርግ ሰው ጥራ። እኔ ከዳኝ ነኝ።»

«ለእኔ የከደንክ መስሎህ ነው።»

«ላንተ?» አለ ሰቨሪኖ። «ባለቤት የላቸውም አላልክም?»

ኢላሪዮ ወደ እርሱ ቀረበ። ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ እንዲህም አለው፤ «ስማ አንተ። ይቃጠላል። ሲቃጠል እዚህ ቆሜ አያለሁ። ብድርህ ግን አይቃጠልም፤ እንዳለ አንገትህ ላይ ነው። ስትሞት ለዚች ይተላለፋል።»

ኤንግራሲያ ከላይ አንገትዋን አሰገገች። «ለእኔ ከተላለፈማ፣ ሹሙ፣ በዓመት ሁለቴ ነው የማመጣልዎ፤» አለችው። «እንቢ ሲሉ ይደክምዎታል።»

ኢላሪዮ ሊወጣ ዞረ። ከአንደኛው ምሰሶ ላይ እናቱ የዓሣ መረብዋን ትሰቅልበት የነበረች የዛገች ምስማር ነበረች፤ ሲወጣ ሳያስበው ጎንበስ ብሎ አለፋት፤ በልጅነቱ ትወጋው የነበረች ምስማር ናት። ቁመቱ ምስማሪቱን ካለፈ ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሰቨሪኖ ጎንበስ ማለቱን አየ፤ ለልጁም አልነገራትም።

አንድ ሥራ ብቻ ቀረ። በዚያ አገር ደንብ የብድር ክዳን ሲከደን የመጨረሻውን የአናት ቋጠሮ የሚቋጥረው ከዳኙ አይደለም፤ ባለቤቱ ነው። እስኪቋጠር ድረስ ክዳኑ የከዳኙ ነው፤ ከተቋጠረ በኋላ ብድሩ ተመልሷል። ኤንግራሲያ ገመዱን ይዛ፣ ነፋስ ቢመጣ ይገለብጠዋልና ልቋጥረው ወይ ብላ ጠየቀች።

«ውረጂ፤» አላት። «ያ ቋጠሮ የእኔም የአንቺም አይደለም።»

ገመዱ ከአናቱ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

መጋቢት 6 ቀን 1927፣ በቀትር፣ የገዥው መርከብ ወሽመጡ ውስጥ መልሕቅ ጣለች። እንግዶቹ ወረዱ፤ ወይዛዝርቱ ጥላ ይዘው በወንበር ተቀመጡ፤ መኮንኖቹ በየማዕርጋቸው ቆሙ፤ ከአጋኛ የመጣው የሙዚቃ ጓድ ሁለት ዜማ አሰማ። ቄሱ ጸለየ። አንድ መኮንን ስለ ታላቁ መርከበኛ ጀግንነት ረዘም ያለ ንግግር አደረገ፤ ኢላሪዮም አሳጥሮ ተረጎመ። መንደርተኛው ከፀሐይ ላይ ቆሞ ነበር። ለእንግዶቹ ከተዘረጋው ጠረጴዛ የታሸገ ሥጋ ይሸት ነበርና ማንም ከሽታው ራቅ ብሎ ለመቆም አልቻለም።

ከዚያ ጨዋታው ተጀመረ። ማጄላን የሆነው ቀይ ፊት ያለው መርከበኛ ነበር፤ በኮኮናት ጭገር ጢም አብጅተውለታል፤ ተከታዮቹም ከብስኩት ጣሳ የተሠራ የራስ ቁር ደፍተዋል። ሰባት ላድሮኖች ተመርጠዋል፤ የፊተኛው ቱን ሰቨሪኖ ነበር፤ የመረጠውም ኢላሪዮ ነው። ሽማግሌው ከወገቡ በላይ ራቁቱን ሆኖ፣ እንደ ታዘዘው፣ ጀልባዋን በገመድ ከአሸዋው ወደ ቁጥቋጦው ጎተተ። ወይዛዝርቱ አጨበጨቡ።

«ሲሳሳቁ አየሃቸው?» አለው ከኋላው ይጎትት የነበረው ሁለተኛው ላድሮን።

«ጀልባዋ ቀላል ናት፤» አለ ሰቨሪኖ። «ደሴቱን የጎተቱት እነሱ ናቸው።»

መርከበኞቹ ባዶ ጥይት ተኮሱ። ስድስቱ ላድሮኖች በተማሩት መሠረት ወደቁ። ሰቨሪኖ ግን አልወደቀም፤ በጢሱ መካከል ቀስ ብሎ አልፎ ወደ አምስተኛው ጎጆ ሄደ፤ ከደጁም ላይ ተቀመጠ፤ ፑጉዋውን ከወገቡ አውጥቶ ማኘክ ጀመረ።

አራቱ የሰንበሌጥ ጎጆዎች አንድ በአንድ ተለኮሱ፤ ቶሎም ነደዱ። ማጄላን ችቦውን ይዞ ወደ አምስተኛው መጣና ቆመ። ከሰው ጋር የሚቃጠል ቤት በጨዋታው ውስጥ አልነበረም። ሌተናው እየሮጠ ደረሰ፤ ኢላሪዮን ጠራ።

«ሽማግሌውን ሞተሃል በለው።»

ኢላሪዮ ተረጎመ፤ «ሞተሃል ይልሃል።»

«ገና ነኝ በለው።»

ከመንደርተኛው አንዳንዱ ሳቀ። ሌተናው ፊቱ ቀላ፤ ወደ ገዥው ወንበር ዞር ብሎ አየ፤ ቶሎ ይውጣ አለ። ኢላሪዮም፣ «ውጣ፤ አታዋርደኝ፤» አለው።

«እወጣለሁ፤» አለ ሰቨሪኖ። «ቤቱ የማን እንደ ሆነ ንገረውና እወጣለሁ።»

«ባለቤት የለውም ብያለሁ።»

«እንግዲያው ይለኩሰው። ባለቤት በሌለው ቤት መቀመጥ ማንን ከለከለ?»

ሌተናው፣ ምን ይላል አለ። ኢላሪዮ ወደ ምሰሶዎቹ ተመለከተ። ችቦው እየተንጠባጠበ አሸዋው ላይ ይጨስ ነበር፤ የሰንበሌጡም ጎጆዎች አመድ በነፋስ እየተነሣ በነጭ ኮቱ ላይ ያርፍ ነበር። የክዳኑ ጥላ እስከ ጫማው ድረስ ደርሷል፤ እናቱ ስትሞት ራስዋ የነበረበት ቦታ በዚያ ጥላ ውስጥ ነው። ሰቨሪኖ ፊቱን ይመለከት ነበር እንጂ አንድ ቃል አልጨመረበትም። ሊራራለት አልፈለገም፤ ሊያፋጥነውም አልፈለገም። ከተቃጠለ ከእነ እርሱ ይቃጠላል፤ ካልተቃጠለ ያ ሰው አፉን ይከፍታል፤ ሌላ መንገድ አልተወለትም።

«ቤቱ የኢላሪዮ ነው ይላል፤» አለ ኢላሪዮ በእንግሊዝኛ።

«ነው?»

ኢላሪዮ የኮቱን የአንገት ቁልፍ በጣቱ ነካ።

«ነው፤» አለ። «የእናቴ ቤት ነው። የእኔ ነው።»

«ባለቤት የለውም ብለኸኝ አልነበረም?»

«ብዬ ነበር፣ ጌታዬ። ዋሽቼ ነበር።»

ይህን የተናገረው በእንግሊዝኛ ነበር። ከመንደሩ ልጆች መካከል በትምህርት ቤት ቋንቋውን የቀመሱ ነበሩና ወሬው ወዲያው ከአፍ ወደ አፍ አለፈ፤ የእኔ ነው አለ፤ የእኔ ነው አለ፤ እያለ እስከ ኋለኛው ሰው ደረሰ። ያን ጊዜ ማንም አላጨበጨበም፤ ማንም እልል አላለም። ሽማግሌዎቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ሰቨሪኖ ተነሣ። እወጣለሁ ብሎ ቃሉን ስለ ሰጠ ከጎጆው ወጣ፤ እንደ ሞቱ ሆነው ከወደቁት ከስድስቱ አጠገብ ሄዶም አሸዋው ላይ ተጋደመ። ሌተናው ችቦው ይጥፋ ብሎ አዘዘ። ሙዚቃው ተመታ። እንግዶቹ ወደ ጠረጴዛው ሄዱ።

በሳምንቱ በአጋኛ የሚታተመው ጋዜጣ፣ በዓሉ በታላቅ ድምቀት እንደ ተከበረ፣ የአገሬው ሰዎች የአባቶቻቸውን ስርቆት በደስታ እንዳሳዩ፣ አንደኛው ጎጆ ግን ከባሕር በሚመጣው እርጥበት ምክንያት እሳት እንዳልያዘው ጻፈ። በወሩ ለኡማታክ ሌላ ሹም ተሾመ። ምክንያቱ አልተነገረም። ኢላሪዮ ነጭ ኮቱን አጥቦ መለሰ፤ ኮቱ የመንግሥት ነበርና።

ቋጠሮው ግን እስከዚያ ቀን አልተቋጠረም ነበር። ከበዓሉ በኋላ ገመዱ ከአናቱ ላይ ተንጠልጥሎ በነፋስ ሲወዛወዝ መንደሩ ሁሉ ያያል። አንዳንዱ ይቋጥረዋል ይል ነበር፤ አንዳንዱ ደግሞ ከአፉ ያወጣውን ቃል ይውጠዋል ይል ነበር። ኤንግራሲያ ሁልጊዜ ጥዋት ከደጅ ወጥታ ትመለከት ነበር። አባትዋ አይመለከትም ነበር፤ ስለ ገመዱ ግን በየቀኑ ይጠይቃት ነበር።

ሹመቱ በተነሣበት ማግስት ከፀሐይ መውጫ ጋር ኢላሪዮ መሰላል ተሸክሞ ከኮረብታው ወረደ። ሚስቱ ድስትና ምንጣፍ ይዛ ተከተለችው። መሰላሉን ከክዳኑ ላይ አስደግፎ ወጣ። አናቱ ላይ ብዙ ቆየ፤ እጁ ወረቀት እንጂ ገመድ አልለመደምና ሁለት ጊዜ ፈታው። በሦስተኛው ጠበቀለት። በጉልበቱ ተንበርክኮ በክብደቱ ሁሉ ሳበው፤ ከዚያም ወረደ።

ወደ ሰቨሪኖ ቤት ሄደ፤ ከደጁ ገባ አላለም። ሽማግሌው ከመድረኩ ላይ ተቀምጦ ነበር። ኤንግራሲያ ከኋላው ቆማለች። ኢላሪዮ በላብ ርሶ ነበር፤ ከኮቱ በታች ይለብሳት የነበረችው ሸሚዝ ክርንዋ ተቀዷል።

«ቱን ሰቨሪኖ፤» አለ።

ሽማግሌው ቀና አለ። ይህን ስም ከዚያ አፍ የሰማው ታን ፎርቱናታ በሕይወት ሳለች ነበር።

«ተቋጥሯል። ከእንግዲህ ብድር የለብዎትም።»

«ተቀበልክ?»

«ተቀብያለሁ።» ላቡን በእጁ ጠረገ። «እንግዲህ በደጄ አይለፉ።»

«አላልፍም፤» አለ ሰቨሪኖ።

ኢላሪዮ ተመልሶ ሄደ። ሁለቱ ሰዎች ከዚያ ቀን በኋላ አልተነጋገሩም፤ እጅ ለእጅም አልተነካኩም። የሚያገናኛቸው ያ ብድር ብቻ ነበር።

ቱን ሰቨሪኖ በዚያው ዓመት በክረምቱ ሞተ። ኢላሪዮ ለቀብሩ አልመጣም፤ ለምን አልመጣም ያለም የለም፤ ቀብሩ የተፈጸመበት ቀን ዶፍ የሚጥልበት ነበር፤ ኢላሪዮም ከድርቡ ክዳን ሥር፣ እናቱ መረብዋን ትሰቅልበት ከነበረው ምሰሶ አጠገብ፣ ደረቅ ሆኖ ተቀምጦ የሚያልፈውን ሬሳ ባርኔጣውን አውልቆ አየ። ከኡማታክ ወሽመጥ ዳር የቆመው ድንጋይ የመርከበኛውን ስምና የደረሰበትን ዓመት ይናገራል፤ ሌላ የሚናገረው የለም። በዓሉ እስከ ዛሬ ይከበራል፤ በየዓመቱም ጎጆ ይቃጠላል። ኒፓ ከዐሥር ዓመት በላይ አይቆይምና ያ ክዳን ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል።

ኤንግራሲያ ከአባትዋ የወረሰችው አንድ የአጥንት መርፌ ነበር፤ ሌላ ምንም አልተላለፈባትም።